ጩጬ የተባለችው ወንበር

ጥቅምት 6 ቀን

ለምትናፍቂኝ ታናሽ እህቴ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ሥራሽስ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት፣ ጉልበቷ ብቻ ነው አልታዘዝ ያላት። ባለቤቴም ሰላም ይልሻል፤ ማለቴ፣ የእሁድ ከሰዓት እንቅልፉን እያንኮራፋ ነው እንጂ ቢነቃ ይልሽ ነበር።

በስልክ የማልነግርሽ ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ስልኩን የምትይዘው እማዬ ናት፤ ድምፁን እስከ ጥግ ከፍታ ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ ነው የምታዋራሽ። ስለ እሷ ደግሞ እሷው ፊት እንዴት ይወራል።

ነገሩ የገላዋ መታጠብ ነው። ያቺን የእንጨት በርጩማ ታስታውሻታለሽ? ልጆች ሆነን የምንጣላባትን? እሷን ሻወሩ ሥር ታስቀምጥና በሩን ከውስጥ ቆልፋ ትታጠባለች። ባለፈው ማክሰኞ ዷ የሚል ድምፅ ሰምቼ ሮጥኩ። በሩን ብደበድብ፣ "ሳሙና ነው የወደቀው፣ ሂጂ ሥራሽን ሥሪ" አለችኝ። እኔ በዕድሜዬ እንደዚያ የሚወድቅ ሳሙና አላየሁም። በማግስቱ ክንዷ በልዞ አገኘሁት።

ባለቤቴን መቆለፊያውን አስነቀልኩት። ስትታጠብ በሩን ከፍቼ ገባሁ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ፎጣዋን ደረቷ ላይ ለጥፋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና፣ "ሰው ውስጥ እያለ በር አይከፈትም" አለችኝ፣ ቀስ ብላ። ሃያ ስድስት ዓመት የሕዝብ ሻወር ቤቱን ስትጠብቅ የኖረችበት ሕጓ ነው። ትዝ ይልሽ የለም? ሰዓቱ ያለቀበትን ሰው እንኳ ሁለቴ አንኳኩታ "ሰባት ቁጥር፣ ሰዓት" ትላለች እንጂ እጀታውን ነክታው አታውቅም። ፎጣ ስታቀብል ፊቷን አዙራ ነው። "እማዬ፣ ሻወር ቤቱ ፈርሷል፣ እኔ ደንበኛሽ አይደለሁም፣ ልጅሽ ነኝ" አልኳት። "ልጄ ስለሆንሽ ነዋ" አለችኝ።

እና ያ ያልሽኝ ወንበር፣ መደገፊያና የእጅ ማረፊያ ያለው የመታጠቢያ ወንበር፣ ከተገኘ እባክሽ ላኪልን። ሌላ ምንም አልፈልግም። ጩጬ ናት የላከችው ካልኳት እሺ ትላለች። አንቺ የላክሽው ከሆነ እሾህ ላይም ትቀመጣለች።

ታላቅ እህትሽ

---

ጥቅምት 29 ቀን

ለማከብርሽ እትዬ፣

እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ደህና ነኝ፣ እግሬ ከማበጡ በቀር። ይህን የምጽፈው የምሠራበት ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ፣ የአንሶላ መተኮሻው ማሽን አጠገብ ሆኜ ነው። እሱ አንሶላውን እስኪስብ እኔ አንድ መስመር እጽፋለሁ፤ ወረቀቱ ቢጨማደድ አትፍረጂብኝ።

ወንበሩን ገዝቻለሁ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ እናንተ ስለምትመጣ ይዛላችሁ ትመጣለች፤ እስከዚያ እኔ ቤት ይቆያል። እግሮቹ ሥር ጎማ አላቸው፣ አይንሸራተትም።

ይቺ ባልደረባዬ አባቷን የምታጥበው እሷ ናት። አንድ በአንድ ጠይቄያታለሁ። ፎጣውንና ልብሱን አስቀድመሽ አዘጋጂ፣ እሷን ትተሽ ልታመጪ እንዳትሄጂ። ወለሉ ላይ የጎማ ምንጣፍ ይነጠፍ። ውሃውን በክርንሽ ሞክሪ፣ የአንቺ መዳፍ የስፌትሽን ካውያ የለመደ ስለሆነ አይታመንም። ከእግሯ ጀምራችሁ ወደ ላይ ውጡ፣ እንዳትደነግጥ። ትከሻዋና ጭኗ ላይ ፎጣ ጣል አድርጊላት፣ የሚታጠበውን ብቻ ገለጥ እያደረግሽ። የምትችለውን እሷው ትጠበው። ግድግዳው ላይ ደግሞ የብረት እጀታ በብሎን ይታሰር። ስትቀመጥም ስትነሳም እሱን ትያዝ። የአንቺን እጅ አትያዝ፣ እጅ በሳሙና ይንሸራተታል።

እትዬ፣ ጀርባዋ እንዴት ነው? እኔ እኮ የእማዬን ጀርባ አይቼው አላውቅም። በዚህ ዕድሜዬ ሳስበው ገረመኝ። ስታይው ጻፊልኝ።

ታናሽሽ

---

ኅዳር 27 ቀን

ለእህቴ፣

ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስሽ። ወንበሩ በሰላም ገብቷል። ላመጣችልንም ለላክሽውም ዕድሜ ይስጥልን።

እማዬ መጀመሪያ ዙሪያውን ዞረችው፣ እንደሚገዛ ሰው። በመዳፏ ጫን ጫን አደረገችው። ከዚያ ከነልብሷ ሳሎን መሀል ተቀመጠችበት፣ ሁለቱን ክንዶቿን አሳረፈችና፣ "ይቺ ጩጬ ናት" አለች። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ቀልድ አይደለም። ስሟ ሆኖ ቀረ። "ጩጬን አስገቢልኝ።" "ጩጬን አጥበሽ ፀሐይ ላይ አውጫት።" አንድ ቀን ስትነሳ ልደግፋት ብል፣ "ልቀቂኝ፣ ጩጬ ይዛኛለች" አለችኝ።

ጎረቤት በመጣ ቁጥር ጩጬ ትታያለች። "ልጄ የላከችልኝ ናት" ይባላል። ጎረቤቷም ወንበሩን አይታ፣ ቀጥላ እኔን ታየኛለች። እኔም ልጇ ነኝ ማለት እያማረኝ ፈገግ እላለሁ።

ጀርባዋን ጠይቀሽኝ ነበር። ሲገርመኝ፣ ወንበሩ ላይ ስትሆን ጀርባዋን ትሰጠኛለች፣ አንኳኩቼ ከገባሁ። ነጭ ነው፣ ፀሐይ ስላላየው፤ ሽብሽቡ እንደ ሐር ጨርቅ ነው። ከግራ ትከሻዋ በታች ምስር የምታህል ጥቁር ምልክት አለች። አንቺም እዚያው ቦታ አለሽ፣ ሕፃን ሆነሽ እኔ ነኝ ሳጥብሽ የማየው። እኔ የለኝም። በሁለት መስታወት አይቻለሁ።

እጅሽ ይሻክራል ትለኛለች፣ "የጩጬ እጅ ለስላሳ ነበር" ትላለች። ቀኑን ሙሉ ካውያ ስትገፊ እንደምትውይ አልነገርኳትም። ለምን አሳዝናታለሁ።

እጀታውም ታስሯል። እንዳልሽው እሱን ነው የምትይዘው።

እህትሽ

---

ታኅሣሥ 14 ቀን

ለእትዬ፣

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በምሳ ሰዓት ለሥራ ጓደኞቼ ሁሉ ነገርኳቸው። እንባዬ መጣ፣ አለቃዬ ትኩሳት ይዞሻል ወይ ብላ ግንባሬን ነካችኝ።

ስትጠራት ምን ዓይነት ድምፅ ነው? ጩጬ ስትል፣ እንደ ድሮው የመጨረሻዋን ፊደል ትጎትታታለች? ስትታጠብ የምታወራውንም ጻፊልኝ። ስለ እኔ የምትለውን ብቻ አይደለም፣ ሁሉንም።

አንቺ ታድለሻል። እዚህ የማላውቀው ሰው የተኛበትን አንሶላ ነው ሳሽ የምውለው። አንቺ የእናትሽን ጀርባ። ምልክቷን አላውቅም ነበር። እኔ የራሴን ምልክት ስነካ የእሷን የምነካ ይመስለኛል አሁን።

ጩጬን ሳሚልኝ። ወንበሯን ማለቴ ነው።

ታናሽሽ

---

ጥር 21 ቀን

ለእህቴ፣

እንደምን ከረምሽ። እኛ ደህና ነን።

ወንበሩ እግሩ ተሰብሯል። ዕቃ ነው፣ ይሰበራል። ሌላ እንዳትልኪ፤ እኔ አለሁላት። ሥራ በዝቶብኛል፣ የተማሪ ዩኒፎርም ተደርድሮ ይጠብቀኛል፣ ስለዚህ አሳጠርኩት።

እህትሽ

---

የካቲት 3 ቀን

ለእትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። ወንበሩ እናንተ ጋ ከደረሰ ገና ሦስት ወር አልሞላውም። ሻጩን አነጋግሬዋለሁ፣ የተሰበረውን እግር በፎቶ ካየ ይተካልኛል። ፎቶ አንሺና በልጆችሽ ስልክ ላኪልኝ። እስከዚያ በምንድን ነው የምትታጠበው? በርጩማው እንዳትይኝ ብቻ።

ደግሞ አንድ ነገር። ትናንት በስልክ "ጩጬ እንዴት ናት?" ብዬ እማዬን ጠየቅኳት። "ሥራ ገብታለች" አለችኝ። የምን ሥራ ብላት "ስፌት" ብላ ሳቀች። ነገር እየተምታታባት ነው እንዴ? እባክሽ ደበቅሽኝ እንዳልል።

ታናሽሽ

---

የካቲት 22 ቀን

እትዬ፣

ፎቶው አልመጣም። ደብዳቤም የለም። እማዬ ስልኩን አንስታ "ሁሉም ደህና ነው" ትልና ስለ አየሩ ታወራኛለች። እሷ ስለ አየር አውርታ አታውቅም። ካስቀየምኩሽ ንገሪኝና ልቅር።

ታናሽሽ

---

መጋቢት 10 ቀን

ለእህቴ፣

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው። መጀመሪያ ይህን ስሚ፦ እማዬ በሕይወት አለች፣ አጥንቷም አልተሰበረም።

የወንበሩም እግር አልተሰበረም።

ጥር መግቢያ ላይ ነው። እያጠብኳት ነበር፣ ጀርባዋን በስፖንጅ እያሸሁ። ውሃው ተስማምቷት ዓይኗን ጨፍናለች። "ጩጬ ባትኖር ምን እሆን ነበር" አለች። እጄ ጀርባዋ ላይ ነበር። የእኔ እጅ። ዘጠኝ ዓመት ልብሷን የሚያጥበው፣ ጥፍሯን የሚቆርጠው፣ መድኃኒቷን የሚቆጥረው። አለቅልቄ አደረቅኳት። በማግስቱ ወንበሩን ፀሐይ ላይ አወጣሁት። ሲደርቅ መልሼ አላስገባሁትም። የሆነው ይኸው ነው። እንደ ሌባ አስቤ አቅጄ አይደለም፣ ግን አላስገባሁትም።

የስፌት መኪናዬ ፊት አስቀመጥኩት፣ አሮጌ መጋረጃ አለበስኩት። ተቀምጬበት ስሰፋ ከረምኩ። ምቹ ነው፣ እውነት ለመናገር፤ ወገቤን አሳረፈኝ። ለእማዬ እግሩ ላልቶ ለሚጠግን ሠራተኛ ሰጥቼዋለሁ አልኳት። በርጩማውን መለስኩላት። እኔ አጠገቧ ካለሁ፣ እጄን ከያዘች፣ ምን ይመጣል ብዬ። ደግሞ ያዘችኝ፣ ልንገርሽ። በርጩማው ክንድ የለውም፣ የግድግዳው እጀታም ከዚያ ታች ሆና አይደረስበትም። ሰባት ሳምንት የእኔን እጅ ይዛ ታጠበች። ደስ አለኝ። ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፣ እንደ ሕፃን ደስ አለኝ።

የካቲት 26፣ አንዱ ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ በሩን አንኳኳ። "አንዴ፣ መጣሁ" ብያት እጄን ከእጇ አወጣሁ። ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ሱሪውን እንደተቀበልኩ ሰማሁት። ይሄኛውም ሳሙና አልነበረም።

ዳሌዋ ነው። ሐኪሙ ፎቶ አንስቶ ስብራት የለም አለ፣ ግን ጠቁሯል፣ አሥር ቀን ከአልጋ አልወረደችም። ሐኪም ቤት ወረፋ ስንጠብቅ ምስጢሩን መያዝ አቃተኝ። "እማዬ፣ ወንበሩ አልተሰበረም" አልኳት።

"አውቃለሁ" አለችኝ።

"ምኑን ታውቂያለሽ?"

"መቀስ ልወስድ ገብቼ መጋረጃው ሥር እግሯን አየሁት። ጎማዋን አውቃታለሁ። ገለጥ አድርጌ አይቻት መልሼ ሸፈንኳት።"

"መቼ?"

"ቆየ። አንቺ ገበያ በሄድሽ ጊዜ።"

ከአንድ ወር በላይ መሆኑ ነው። ገልጣ አይታ፣ መልሳ ሸፍና፣ ከዚያ በየሳምንቱ ሄዳ በርጩማው ላይ ተቀምጣለች። "ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?" አልኳት። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። "ሰው ውስጥ እያለ በር አይከፈትም" አለች።

ወንበሩ ወደ ቦታው ተመልሷል። የፈለግሽውን በይኝ። በደብዳቤ እንጂ በስልክ አይሁን፣ እማዬ ሰምታ ለእኔ እንዳትሟገትልኝ።

እህትሽ

---

መጋቢት 30 ቀን

ለእትዬ፣

ደብዳቤሽን አንብቤ ቀደድኩት፣ ቅርጫት ውስጥ ጣልኩት። ማታ ከሥራ ስመለስ አውጥቼ በፕላስተር አጣበቅኩት። በመጀመሪያው ቀን የጻፍኩልሽን መልስ አልላክሁም። ክፉ ነበር። እናቴን ለአንድ ሱሪ ለቀቅሻት የሚል አለበት። እንዲያው መጻፌን እወቂው ብዬ ነው።

አሁን የእኔን ስሚ።

ወንበሩ እኔ ቤት አንድ ሳምንት ቆይቷል ብዬሽ ነበር። ካርቶኑ ውስጥ አልነበረም። አውጥቼ፣ ገጥሜ፣ የራሴ ሻወር ውስጥ አስገብቼ በየቀኑ ተቀምጬበታለሁ። ውሃ ከፍቼ፣ እጆቼን ማረፊያው ላይ አድርጌ። ጭኔ እንዲሆንላት ብዬ። የእኔ የሆነ ነገር ይያዛት ብዬ። ከዚያ አድርቄ ካርቶኑ ውስጥ መለስኩት። እማዬ ተቀምጣበት ጩጬ ናት ስትል እኔ ብቻ ነበርኩ ያልገረመኝ።

የባሰው ይኼኛው ነው። ያቺ አባቷን የምታጥብ ባልደረባዬ የነገረችኝ፣ "በአንድ እጁ የግድግዳውን እጀታ፣ በሌላው አንቺን ይያዝ፤ አረጋዊ ሰው ብረት ብቻ ይዞ አይረጋጋም" ብላ ነው። እኔ ግማሹን ቆርጬ ነው የላክሁልሽ። የአንቺን እጅ አትያዝ ብዬ። በሳሙና ይንሸራተታል ያልኩት የራሴ ነው፣ እሷ አላለችም። ስጽፈው ለእማዬ ደህንነት ነው ብዬ ለራሴ ነግሬው ነበር። ግን ያኔ እጇን የምትይዢው አንቺ መሆንሽ ታየኝ፣ ጀርባዋንም የምታይው አንቺ፣ እኔ ብረትና ፕላስቲክ እልካለሁ። አልቻልኩም።

አንቺ ወንበሩን ደበቅሽ። እኔ እጅሽን። ማን እንደጀመረ ቆጥሬዋለሁ፣ እኔ ነኝ፣ በጥቅምት።

ዳሌዋ እንዴት ነው? ጥቁሩ ወደ ቢጫ ሄደ?

ታናሽሽ

---

ሚያዝያ 19 ቀን

ለእህቴ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን፣ እግርሽም እብጠቱ ይጉደልልሽ። ሥራ ላይ ስትቆሚ ወፈር ያለ ካልሲ አድርጊ።

ዳሌዋ ቢጫ ሆኖ፣ ቢጫውም ጠፍቷል። ትናንት ራሷ አይታ "ታጥቦ ለቀቀ" አለች።

ደብዳቤሽን ሳነብ መጀመሪያ ተናደድኩ፣ አልዋሽሽም። ከዚያ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብለሽ ውሃ ሲወርድብሽ ታየኝና ሳቄ መጣ። ሁለታችንም እንቁላል እንደምትታቀፍ ዶሮ አንድ ፕላስቲክ ላይ ስንቀመጥ ከርመናል። ለእማዬ ነገርኳት፣ ያንቺንም የእኔንም። "ለዚያ ነው የሞቀኝ" አለች።

አሁን እንዲህ ነው የምናደርገው። ልብሷን፣ ፎጣዋን፣ ስፖንጇን አዘጋጅቼ አስገባታለሁ። ስትቀመጥ አንድ እጇ እጀታው ላይ፣ አንድ እጇ እኔ ላይ። ውሃውን በክርኔ ሞክሬ ፎጣ አልብሻት እወጣለሁ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ፣ ከደፉ ሳልርቅ። ሱሪ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ ይጠብቅ። ከፊት ያለውን እሷው ትታጠባለች። ጀርባዋና እግሯ ሲደርስ በሳሙና ማስቀመጫው ግድግዳውን ሁለቴ ታንኳኳለች። ሃያ ስድስት ዓመት ከውጭ ያንኳኳች ሴት፣ አሁን ከውስጥ። ሐሳቡ የእሷ ነው። "ስፈልግሽ እጠራሻለሁ፣ ሳልጠራሽ አትግቢ" አለችኝ።

ቅናቴ ለቀቀኝ እንዳልልሽ። ወንበሩ ዛሬም ጩጬ ነው። ባለፈው አላስችለኝ ብሎ፣ "እማዬ፣ እሺ፣ እሷ ጩጬ ናት፤ እኔንስ? አንቺ፣ አንቺ ብቻ ነው የምትይኝ" አልኳት፣ ጉልበቷን እያጠብኩ። እንደ እብድ አየችኝ። "አንቺን ምን ብዬ ልጥራሽ? ሳልጠራሽ ትመጪ የለም እንዴ" አለችኝ።

ምን ያስፈልጋችኋል ብለሽ ትጠይቂያለሽ፣ አውቅሻለሁ። የጎማ ምንጣፉ ጠርዙ ተላጥቷል፣ እሱን እዚሁ እንገዛለን። አንቺ ስትመጪ የራስሽን ጭን ይዘሽ ነይ። ጀርባዋን ለአንቺ እለቅልሻለሁ፣ አንድ ቀን፣ ከፈለግሽ ሁለት። ምልክቷን ታያለሽ። ከሦስተኛው ቀን ወዲያ ተመልሶ የእኔ ነው።

ልጨርስልሽ ነው። ይህን የምጽፈው ከመታጠቢያ ቤቱ ደፍ ላይ፣ በዚያች በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነው፤ ደረቅ ቦታ ላይ ከሆነች ምንም አትልም። ዛሬ ፀጉሯንም እታጠባለሁ ብላ ቆይታለች። ውስጥ የምታንጎራጉረው ይሰማኛል። አንዴ እግሬ ሊነሳ ብሎ አስቀመጥኩት፣ አልተጠራሁም።

አሁን አንኳኳች። ሁለቴ።

ልሂድ።

ታላቅ እህትሽ